ጠበሉን ከመድኃኒቱ የሚያጣላ ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ወደ ቆጋ፣ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም የምትመለስ እኅት ሁለት ክፉ ምክሮች ይጠብቋታል። አንዱ «ጠበል ጀምረሻልና ኪኒኑን ተዪው» ይላታል። ሌላው «በእርጋታ እየተነፈሱ ሰውነትን ማፍታታት የባዕድ አምልኮ ነው፤ ይልቅ ተኝተሽ ዕረፊ» ይላታል። ሁለቱም የሃይማኖት ልብስ ለብሰዋል፤ ሁለቱም ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደሉም።

አስቀድመን ኪኒኑን እንመልከት። አብዛኛው የጡት ካንሰር የሚያድገው ኤስትሮጅን በተባለው ሆርሞን እየታገዘ ነው። ታሞክሲፈን የተባለው መድኃኒት ሆርሞኑ በካንሰሩ ሕዋስ ላይ የሚሠራበትን በር ይዘጋል። ቁስሉ ከዳነ በኋላም 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 10 ዓመት በየዕለቱ እንዲወሰድ የሚታዘዘው ስለዚህ ነው። ሕመም ስላልተሰማት ብቻ የምታቋርጠው እናት የተዘጋውን በር መልሳ ትከፍታለች።

«ይህ የእምነት ማነስ ነው» የሚል ቢኖር መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ያንብብ፤ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይማራል። ወንጌልን የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር ይጣላል ተብሎ ብዙዎች ሲያቋርጡ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ አስተምረዋል። ታዲያ በዚያ የተመለሰውን ጥያቄ ዛሬ በእኅቶቻችን ሕይወት ላይ ስለ ምን እንደ አዲስ እናነሣለን?

ሁለተኛው ምክር የመጀመሪያውን ያግዛል። የሆርሞን ሕክምና ድንገተኛ ሙቀትና ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዴም የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ ብዙዎች ኪኒኑን የሚጥሉትም በዚህ ተማርረው ነው። በየቀኑ መራመድ፣ ክንድንና ትከሻን ቀስ እያሉ ማፍታታት፣ በጥልቀት መተንፈስ ግን ድካሙን ያቀላል፤ እንቅልፍን ያግዛል፤ በብብት ሥር የተሠራውን ቀዶ ሕክምና ተከትሎ የሚደርቀውን ትከሻ ያላቅቃል። እንቅስቃሴው ኪኒኑን አይተካም፤ ኪኒኑን ለመታገሥ ግን ኃይል ይሰጣል። መጠኑንም የሚወስነው ሐኪም ነው።

«ዮጋ ነው» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። የባዕድ አማልክትን ስም መጥራትንና ምስላቸውን ማክበርን አንቀበልም። ክንድ ማንሣትና መተንፈስ ግን የማንም አምልኮ ንብረት አይደለም፤ ሥጋችንን የፈጠረ እርሱ እግዚአብሔር ነውና። በተቃራኒው ደግሞ «ስግደታችን ስፖርት ነው፤ ሌላ አያስፈልግም» የሚሉም ይሳሳታሉ። ስግደት አምልኮ እንጂ የሰውነት ማጠንከሪያ አይደለም። በእሑድና በበዓለ ሃምሳ እንደማይሰገድም እናውቃለን፤ የታመመ ሰውነት ግን በነዚያም ቀናት መንቀሳቀስ ይሻል። የታመመችው እኅት የጾምና የስግደቷን ልክ ከንስሐ አባቷ ጋር ትወስን፤ ለቅዱስ ቁርባን ስትዘጋጅም የኪኒኑን ሰዓት ከሐኪሟ ጋር ታስተካክል።

እኛስ? በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ነርሶች በቅርብ የተከታተሏቸው ታማሚዎች ኪኒናቸውን ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ ጸንተው ወስደዋል። የጸና ሰው አጠገቡ ሰው ያለው ነው። እንግዲህ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ከመፍረድ ይልቅ አጠገቧ እንቁም፤ ለቀጠሮ ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ እንሸኛት፤ ከቅዳሴ በኋላ አብረናት እንራመድ፤ ማታ «ኪኒንሽን ወሰድሽ ወይ?» ብለን እንጠይቃት። ታምሜ ጎብኝታችሁኛል የሚለውን የጌታን ቃል የምንሰማው እንዲህ ስናደርግ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።