ላልመጣ ተጫዋች የሚገባው ድርሻ

ቀኑን ሙሉ የቪዲዮ ጨዋታ ሲጫወት የሚውል ተማሪ፣ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ብቻ ከሚተርፈው ጸሐፊ የበለጠ ነጥብ ቢሰበስብ ቅር የሚያሰኝ ነገር የለበትም፤ ደክሞበታልና። ቅር የሚያሰኘው፣ በየዕለቱ ያልገባው ሰው ያጠራቀመውን ሲነጠቅ ነው።

በ1997 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የወጣው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አዘጋጆቹ በሙከራው ወቅት ረዥም ሰዓት የተጫወተ ሰው የሚያገኘውን ነጥብ ወደ ግማሽ ቢያወርዱት ተጫዋቾቹ አጉረመረሙ። ስለዚህ ስሙን ገለበጡት፤ ሙሉው ነጥብ «የዕረፍት እጥፍ» ተባለ፣ ግማሹም መደበኛ ሆነ። ስሌቱ ያው ነው፤ ማጉረምረሙ ግን ቀረ። (ሰው የሚጠላው ማነሱን ሳይሆን መቀነሱን ነው መሰለኝ።)

ወደ ንፋስ መውጫ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በየቀኑ መግባትን የሚቆጥር ጨዋታ እንዲህ ባለው ጊዜ የጋይንቱን ወጣት እንደ ሰነፍ ቈጥሮ ከአንድ ያስጀምረዋል፤ መስመር ያልተቋረጠበት የሌላ አገር ልጅ ግን ትጉህ ተብሎ ይሸለማል። እንዲህ ያለው ሚዛን የሚመዝነው ትጋትን ሳይሆን የስልክ መስመርን ነው።

እንግዲህ የኮምፒዩተር ትምህርት የምትከታተሉ ወጣቶች ነገ የራሳችሁን ጨዋታ ስትሠሩ፣ የቀረበት ቀን ለተጫዋቹ እስከ ተወሰነ ጣሪያ እጥፍ ሆኖ ይጠራቀምለት። የዘወትሩ ተጫዋች ደግሞ ማዕረጉንና ጌጡን ይውሰድ፤ እሱን ማንም አይቀናበትም።