«አንቺማ ሆስተስ ነሽ!»

በከተማችን በቆቦ ቁመቷ ዘለግ፣ መልኳ ደመቅ ያለች ልጅ ሰባተኛ ክፍል ሳትደርስ «አንቺማ ሆስተስ ነሽ!» ትባላለች። ባዮቹ ክፋት የለባቸውም። እኔ ግን ይህን ምርቃት የመሰለ ንግግር በሰማሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ልጅቷን ከደብተሯ የሚያርቃት እሱ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ አባቷ ደጋሊት የሚባለውን ማሽላቸውን ከጎተራ አውጥተው ሸጡ፤ አልበቃ ሲል ጥጃ ጨመሩ። አዲስ አበባ ሄዳ የሆስተስ ኮርስ ወሰደች። አረማመድ፣ ፀጉር አሠራር፣ ከንፈር አቀባብ፣ ትሪ አያያዝ ተማረች፤ ጋውን ለብሳ ተመረቀች። ሰርተፊኬቱ ዛሬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እሷ ሳውዲ የሚያደርሳት ደላላ እያፈላለገች ነው።

ገንዘቡን የተቀበሏት ሰዎች ያልነገሯት ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሆስተስ ሲፈልግ ማስታወቂያ አውጥቶ ይመዘግባል፣ ይፈትናል፣ የመረጣቸውንም በራሱ ማሠልጠኛ ያስተምራል። የዓረብ አገሮቹ ትልልቅ አየር መንገዶችም የቀጠሩትን ራሳቸው ያሠለጥናሉ። በግል የተገዛው ወረቀት ሥልጠናውን አይተካም፣ ቅጥሩንም አያስገኝም። በአገራችን በብዛት የሚቀጥረው ደግሞ ያው አንዱ አየር መንገድ ነው።

ስለ ሥራው የተነገራትም፣ መልክና አረማመድ ይበቃል የሚለው፣ ሐሰት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. 175 ሰው የጫነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ፣ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። 125 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ መካከል የነፍስ አድን ጃኬታቸውን እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ ነበሩ፤ ውኃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያ ገፍቶ መውጫ አሳጣቸው። «ሳትወጡ እንዳትነፉ» ብሎ በዚያ ጭንቅ ውስጥ መደመጥ መቻል፣ ሆስተስነት ይህ ነው። ትልልቅ አውሮፕላኖች ሰው እንዲጭኑ የሚፈቀድላቸው ከበሮቻቸው ግማሹ ተዘግቶ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ሲረጋገጥ ነው። በሩን የምትከፍተው፣ የፈዘዘውን ገፍታ የምታስወጣው ሆስተሷ ናት። ለዚህ ቆራጥነት ያስፈልጋል፤ ከየአገሩ ከመጣ መንገደኛ ጋር ለመግባባትም እንግሊዝኛ።

የእኛ ቁስል ያለው እዚሁ እንግሊዝኛው ላይ ነው። የሰሜኑ ጦርነት ቆቦን በ2013ም በ2014ም አግኝቷታል፤ ልጆቻችን ወራት ሙሉ ክፍል አላዩም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና በአገር ደረጃ ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ሁሉ የተረፈችን ልጅ «መልክሽ ይበቃሻል» ማለት እሷን መበደል ነው። የማሽላው ብር ለመጽሐፍና ለጥሩ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቢውል ኖሮ፣ ሆስተስ ባትሆን እንኳ እውቀቱ አብሯት ይቀር ነበር።

ባለፈው ሳምንት የልጅቷ አባት መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ኮርሱን የሰጧት ሰዎች ደውለው ነበር።

«ሁለተኛ ደረጃ የሚባል አለ፤ እሱን ብትጨምር ትቀጠራለች ይላሉ። ላሚቱን ልሽጣት?»

«አይሽጧት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

የልጅቷ ታናሽ እህት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። እሷንም ሰፈሩ ሆስተስ ማለት ጀምሯል።