ስለ እብድ ውሻ በሽታ ዘሮች

ውሻ ያበደ እንደ ሆነ ሕዝቡ ውሻውን ገድሎ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ በሽታውን ያመጣው ቫይረስ ከየትኛው ዘር እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ተሾመ መባጽዮን የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ ከኮክስና ከፍሮስት ጋራ ባሳተሙት ጥናት፥ በኢትዮጵያ ከተገኙት 115 የቫይረስ ናሙናዎች ሁለቱ ከተለመደው የተለዩ መሆናቸው ተገለጸ። ከድመት የተገኘው ሞኮላ፥ ከውሻ የተገኘው ደግሞ የሌጎስ የሌሊት ወፍ ቫይረስ ነበረ፤ ሁለቱም አስቀድሞ በናይጄሪያ የታወቁ ናቸው። ይህን የሚለየው ላቦራቶሪ እንጂ ዓይን አይደለም።

ሁለት ከ115 ምን ያህል ነው የሚል አይታጣም። እርግጥ ሰውን የሚፈጀው ከሞላ ጐደል የተለመደው የውሻ ዘር ስለ ሆነ ውሾችን መከተብ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ዳሩ ግን ክትባቱ የሚሠራው ከዚሁ ዘር በመሆኑ ሞኮላን በሚገባ አይመክትም፤ በ1981ና በ1982 በዚምባብዌ ሞኮላ ከያዛቸው ድመቶች አንዳንዶቹ የተከተቡ ነበሩ። እንግዲህ የተከተበ ውሻ አብዶ ቢሞት፥ ክትባቱ በሙቀት ተበላሽቶ ነውን ወይስ ዘሩ ሌላ ሆኖ? የውሻው ራስ በበረዶ ታሽጎ ወደ መርማሪዎቹ ካልተላከ ይህን የሚመልስ አይገኝም።