ሰደፉ ይዋሻል፣ ብረቱ ይናገራል

«የአድዋ ጠመንጃ ነው!» ዛሬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ መጠሪያው ይኸው ሆኗል። ዲላም ከዚህ አላመለጠችም።

ማስረጃ ሲጠየቅ እንጨቱን ያሳያሉ። እንጨት ግን ምስክር አይሆንም። ሰደፍ ይሰበራል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ የሰፈር አናጢ በዋንዛ ይተካዋል። ዕድሜ የሚነበበው ከብረቱ ነው።

ውጅግራን እንውሰድ። ብረቱ ላይ 1874 የሚል ቁጥር አለ። በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው «ከአድዋ 14 ዓመት በፊት የተሠራ» ይላል። ተሳስቷል! ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ሞዴሉ የወጣበት ዓመት ነው፤ በእኛ 1866/67 መሆኑ ነው። የተሠራበት ዓመት በርሜሉ ላይ ለብቻው ይመታል። እሱም ቢሆን ፈረንሳይ ውስጥ መቼ እንደተሠራ እንጂ አድዋ መዋሉን አይነግረንም።

ነገሩ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። ጌዴኦ ምድር ነፍጥ በብዛት የገባው ከምኒልክ ጦር ጋር ነው። «ነፍጠኛ» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነፍጥ ነው፤ ገበሬው ገባር የሆነውም በእሱ አፈሙዝ ሥር ነው። በ1952 ዓ.ም. ሚጪሌ ላይ የተነሳውም የባለርስቶችን ግፍ መሸከም ስላቃተው ነበር። እዚህ የተገኘን ጠመንጃ ሁሉ «የአድዋ» ማለት ይህንን ታሪክ በክብር ስም መቅበር ነው። አድዋም የሐሰት ምስክር አያስፈልገውም።

የባህልና ቱሪዝም ሰዎች ሆይ! መግለጫ ከመለጠፋችሁ በፊት ማህተሙን አንብቡ። ባለቤቱን «ከማን እጅ ደረሰህ?» በሉት። እንጨቱ ከተተካ «ተተክቷል» ብላችሁ ጻፉ። ካላወቃችሁ «አይታወቅም» ማለት ነውር የለውም።