ትርፍ ተብሎ የሚጻፍ ቃል

በመጋዞ የሚያርስ ሰውና ባለመሬቱ እህሉን የሚካፈሉት በአውድማ ላይ ሁለቱም ቆመው ነው። ዘሩ ከማን ጎተራ እንደ ወጣ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ፥ የዘሩ ተነሥቶ የቀረው በሁለቱ ፊት ይሰፈራል። በዜማና በፊልም ሥራ ግን ባለሙያውና ዛሬ ፕሮዲዩሰር የሚባለው ገንዘብ አውጪ የሚካፈሉበት አውድማ በገንዘብ አውጪው ቤት ውስጥ ነው፤ ቁናውም የእርሱ መዝገብ ነው። ቀድሞ ብራና ጽፎ የሚያድር ደብተራ አንድ መጽሐፍ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ ዋጋውን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። ዜማና ፊልም ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ ሺህ ጊዜ ይሸጣል።

ለዚህ ነገር የታወቀ ምስክር በአሜሪካ አገር ይገኛል። አርት ቡክዋልድ የተባለው የጋዜጣ ጸሐፊ ስለ አንድ አፍሪካዊ ንጉሥ አጭር ታሪክ ጽፎ ለፓራማውንት ኩባንያ ሰጠ፤ ከፊልሙም የተጣራ ትርፍ ድርሻ እንዲያገኝ ውል ተደረገ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ኩባንያው ኤዲ መርፊ የተጫወተበትን «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» የተባለ ፊልም ያለ ቡክዋልድ ስም አወጣ። በ1990 ፊልሙ ከእርሱ ጽሑፍ የመነጨ መሆኑ ተፈረደ። ሆኖም ቡክዋልድና የሥራ ባልደረባው አላን በርንሃይም ድርሻቸውን በጠየቁ ጊዜ፥ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባው ፊልም ምንም የተጣራ ትርፍ የለውም ተባሉ።

የሚያስደንቀው መልሱ በውሉ ቃል የተደገፈ መሆኑ ነው። በእውነት ከወጣው ጋራ ሳይመዛዘን ለማስታወቂያ 10 በመቶ፥ ለኩባንያው አስተዳደር 15 በመቶ ይታሰባል፤ በዚያም ላይ ወለድ ይጨመራል። ዳኛው እንዲህ ያሉት አንቀጾች ከልክ ያለፈ ግፍ ናቸውና አይጸኑም አለ፤ በ1992ም ለሁለቱ 900,000 ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። ስሙ የገነነና ብርቱ ጠበቃ ያለው ጸሐፊ ለዚህ አራት ዓመት ያህል ከተሟገተ፥ ጀማሪ ዘፋኝ ምን ሊያደርግ ይችላል?

በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኢኮኖሚ መብት ሲተላለፍ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። መልካም ነው፤ የቡክዋልድም ውል በጽሑፍ ነበር።

ገንዘብ አውጪው ሁሉ ግፈኛ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሥራ ሳይሸጥ ይቀራል፤ ኪሳራውንም የሚሸከመው እርሱ ስለ ሆነ ዘሩ አስቀድሞ ሊመለስለት ይገባል። ይሁን እንጂ ዘሩ ስንት ቁና እንደ ሆነ ሳይዘራ ይነገር። ውል የሚያዘጋጁና የሚያረጋግጡ ሹማምንትም «ከትርፉ ይህን ያህል» የሚል ቃል ብቻውን ተጽፎ ሲያዩ፥ ትርፍ ያላችሁት ምን ምን ከተቀነሰ በኋላ ነው፤ መዝገቡንስ ባለሙያው በየስንት ወሩ ያየዋል ብለው ይጠይቁ። ለዚህ መልስ የታጣ እንደ ሆነ ባለሙያው ከትርፍ ድርሻ ይልቅ ከጠቅላላው ሽያጭ ጥቂት በመቶ ቢቀበል ይሻለዋል፤ የተሸጠውን መቁጠር ወጣ የተባለውን ከመቁጠር ይቀላልና።