አዲስ ነርስ ብቻዋን አትደር

በመስከረምና በጥቅምት ወራት በቴፒና በአካባቢዋ የቡና ለቀማ ሥራ ይበረታል። ክረምቱ ትቶት የሄደው ያቆረ ውሃ የወባ ትንኝ መራቢያ የሚሆነውም በዚሁ ወቅት ነው። በአንድ ሐኪም ቤት ውስጥ፣ ሥራ ከጀመረች ገና ሦስት ሳምንት ያልሞላት ነርስ የሌሊት ተረኛ ሆና ሳለ፣ አንዲት እናት በወባ ራሱን የሳተ ሕፃን ታቅፋ ደረሰች እንበል። ሐኪሙ አርቴሱኔት የተባለውን መድኃኒት ያዝዛል፤ አዘጋጅቶ የሚሰጠው ግን የነርሷ እጅ ነው። መጠኑ በሕፃኑ ክብደት ይሰላል፤ ዱቄቱም ሊሰጥ ሲል ይበጠበጣል። ይህን ሁሉ ነርሷ አሳምራ ታውቃለች፤ ተፈትናም አልፋለች። ትኩሳትና ትውከት ያደረቀውን የሕፃን ደም ሥር ፈልጎ ማግኘት ግን ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም። ጣት የሚማረው በሠለጠነ ጣት አጠገብ ሆኖ ነው። እንግዲህ በዚያች ሰዓት «ሲስተር፣ እባክዎ ይዩልኝ» ብላ የምትጠራት አንጋፋ ነርስ በቅርብ አለች ወይስ የለችም? የዚህ ጽሑፍ ክርክር በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

የኮሮና ወረርሽኝ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ በይፋ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም በዚያው ወር ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሸኙ። የሌላው ተማሪ ጉድለት በደብተርና በመጽሐፍ በመጠኑም ቢሆን ሊካካስ ይችላል። የነርስነት ተማሪ ያጣው ግን የሕመምተኛውን አልጋ ነው። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ደረጃ በደረጃ ሲቀጥል የባከነውን ጊዜ ለመተካት ሁሉም ነገር ተጣደፈ፤ በክፍለ ሕሙማንም ውስጥ የሰው ፊት በጭምብል ተሸፍኖ ነበር። ከሕመምተኛ ገጽታ ሥቃይን ማንበብ ለሚማር ወጣት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። የሚያስገርመው ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የፍሎረንስ ናይቲንጌልን 200ኛ የልደት ዓመት ምክንያት በማድረግ እ.ኤ.አ. 2020ን የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ብሎ ሰይሞት የነበረ መሆኑ ነው። ለበዓል የታሰበው ዓመት ለነርሶች የመከራ ዓመት ሆነ።

«ወረርሽኙ ካለፈ ዓመታት ተቈጥረዋል፤ ዛሬ ምን አስነሣው?» የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ፣ ጉድለት የሚወረስ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ተማሪ የነበሩት ዛሬ ለአዲስ መጪዎች ቀዳሚ ሆነዋል። ራሳቸው በወጉ ያልታየላቸውን ነገር ለሌላው እንዴት ያሳዩ? «በኮሮና ጊዜ የተማረ ምን ያውቃል!» እያሉ ማፌዝ ደግሞ በእኔ አስተያየት ነውር ነው። ወጣቶቹ ትምህርቱን አልሸሹም፤ በሩ ነው የተዘጋባቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ቢሆን የተማሪውን ዕውቀት እንጂ የእጁን ጽናት አይመዝንም።

የቴፒ ልጅ ይህን ነገር ከቡና ችግኝ ሊረዳው ይችላል። በዳስ ሥር ያደገ ችግኝ በአንድ ቀን ለጠራራ ፀሐይ አይሰጥም። ጥላው ቀስ በቀስ ይሳሳለታል፤ ማሳ ላይ ሲተከልም የጥላ ዛፍ ይፈለግለታል። ይህን የሚያደርግ ገበሬ ችግኙን አቀማጠለ አይባልም። ከቴፒ ትምህርት ቤቶች ወጥታ ነርስነት ለመማር የምትሻ ልጅም ብዙ ሳትርቅ በሚዛን አማን በሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ትችላለች፤ እዚያም ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። ዳሱ አለ ማለት ነው። የሚያሳስበው ከዳሱ ወጥታ ማሳው ላይ የምትቆምበት የመጀመሪያው ዓመት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሰው እጥረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ 5.9 ሚሊዮን ያህል ነርሶች እንደሚጎድሉ ገልጾአል። «አንዷን ማግኘት ባልተቻለበት ሁለቱን በአንድ ተራ መመደብ ከየት ይመጣል?» የሚሉት ኀላፊዎች ከንቱ ነገር አልተናገሩም። ይሁን እንጂ በአገራችን ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ የጤና ባለሙያዎች መኖራቸው እየታወቀ እጥረቱን እንደ ድርቅ ከሰማይ የወረደ አድርጎ መቁጠር አይገባም። ደግሞም በፍርሃት ተሰብራ ሙያውን የተወች ነርስ እጥረቱን ታብሰዋለች እንጂ አታቃልለውም።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። አዲስ ነርስ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሌሊት ብቻዋን አትመደብ። የምታሠለጥናት አንጋፋ ነርስም በስም ትታወቅ፤ ማሠልጠኗ እንደ ሥራ ተቈጥሮላት ሌላው ጫና ይቀነስላት፤ አለዚያ ለማስተማር ቀርቶ ለመቀመጥም ፋታ አታገኝም። ተማሪዎችም ለልምምድ ሲመጡ ከግድግዳ ተጠግተው የሚያዩ ብቻ አይሁኑ፤ በተቈጣጣሪ ፊት በእጃቸው ይሥሩ።

አስታማሚዎችም ድርሻ አለን። ወጣቷ ነርስ መርፌ ይዛ ስትቀርብ «ትልቅ ሰው የለም ወይ?» ማለት ልማዳችን ነው። ቃሉ እጇን ያንቀጠቅጠዋል፤ የሚወጋውም የእኛው ልጅ ክንድ ነው። ትልቅ ሰው መኖር አለበት ከተባለ ጥያቄው የተረኞችን ሰሌዳ ለሚያዘጋጀው ክፍል ይቅረብ፤ በአዲሷ ነርስ ስም አጠገብ ሁለተኛ ስም ይጻፍ።