ያልገባንን ቆሻሻም ተአምርም አንበል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ቁርኣን የሐፈዝን ሁሉ የምናውቀው ፈተና አለ። በሱረቱ ረሕማን አንድ አንቀጽ 31 ጊዜ ይመላለሳል። ኡስታዛችን ያችን ብቻ አንብበው «ቀጥሉ» ቢሉን ከየትኛው ቦታ እንደሆነች አናውቅም። ከፊቷ ያለውን ጨምረው ሲያነቡልን ግን ወዲያው እንቀጥላለን።

የሰውን ዲኤንኤ የሚያነቡ ተመራማሪዎችም የገጠማቸው ይኸው ነው። ዲኤንኤያችን 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት፤ ግማሽ ያህሉ ድግግሞሽ ነው። «አሉ» የሚባለው የ300 ፊደል ቁራጭ ብቻውን ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይገኛል። የቀድሞ ማሽኖች በአጭር በአጭሩ ስለሚያነቡ ተመሳሳዮቹን በየቦታቸው ማስቀመጥ አልተቻለም። ስለዚህ በ2003 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ የተባለው ንባብ 8 በመቶ ያህሉ ክፍት ነበር። የተሞላው በአንዴ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፊደላትን የሚያነቡ ማሽኖች ከመጡ በኋላ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህ ሁሉ ድግግሞሽ ምን ይሠራል? ፕሮቲን የሚያሠራው ክፍል 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። በ1972 እ.ኤ.አ. ሱሱሙ ኦህኖ የተባሉ ሳይንቲስት ብዙውን ዲኤንኤ «ቆሻሻ» አሉት፤ ስሙም ተስፋፋ። በኋላ ከድግግሞሾቹ አንዳንዶቹ ትልቅ ሥራ እንዳላቸው ታወቀ። በክሮሞዞም ጫፍ ላይ የምትደጋገመው ባለ 6 ፊደል ቁራጭ፣ ለምሳሌ፣ ጫፉን ከጉዳት ትጠብቃለች። ስለ ብዙዎቹ ግን ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

በግቢያችን ግን «ቆሻሻ የተባለው ሁሉ ጥቅም እንዳለው ሳይንስ አረጋገጠ፤ ይህም የኢስላም ማስረጃ ነው» የሚል መልእክት እንቀባበላለን። እኛ በዚህ አንስማማም። ሳይንስ እንዲህ ብሎ አላረጋገጠም። በማናውቀው ነገር መናገርን ዲናችን ከልክሎናል። ኢማናችንን በየጊዜው በሚታረም ግኝት ላይ ካንጠለጠልነው፣ ግኝቱ በታረመ ቀን የታናናሾቻችን ኢማን አብሮ ይናጋል። የአላህን ጥበብ ለማመን የተጋነነ ዜና አያስፈልገንም።

የሚያስፈልገን ማጥናት ነው፤ ጥናቱም ለአካባቢያችን ቅንጦት አይደለም። ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው ቆላ፣ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርዱ ወንድሞቻችን በካላዛር ይያዛሉ። በሽታውን በጥቂት ጠብታ ደም የሚለየው «አር ኬ 39» የተባለ ፈጣን ምርመራ የቆመው በድግግሞሽ ላይ ነው፤ የሰው ሳይሆን የበሽታው ተሕዋሲ ፕሮቲን ውስጥ በሚደጋገም ባለ 39 አሚኖ አሲድ ቁራጭ ላይ። ቁራጩ የተወሰደው ከላቲን አሜሪካ ዝርያ ነው። ምርመራው በሕንድ ጥሩ ሲሠራ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ብዙ ሕሙማን ያመልጡታል። ተመራማሪዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ የእኛ አካባቢ ተሕዋሲ ድግግሞሽ የተለየ መሆኑ ነው።

ይህን ልዩነት ማንበብ የባዮሎጂ ተማሪ ብቻ ሥራ አይደለም። ተመሳሳይ ቁራጮችን በየቦታቸው መደርደር የሒሳብና የኮምፒውተር ሥራ ነው፤ እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማረውንም ይመለከታል። መልእክት ለመቀባበል የምናጠፋውን ሰዓት ለዚህ እናውለው። ደሙ «ነጻ ነው» ተብሎ ሕመሙን ይዞ ወደ እርሻው ለሚመለስ ወንድማችን የሚጠቅመው ይህ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።